የሞሪስ ወንበር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ መገጣጠሚያው፣ ቀለሙና ትራሱ

የምገመግመው ዕቃ አንድ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ በአሜሪካዊው የቤት ዕቃ ሠሪ በጉስታቭ ስቲክሊ ስልት ከነጭ ኦክ የሠራው፣ መደገፊያው ወደ ኋላ የሚጋደም የሞሪስ ወንበር ነው። ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ ማሞቂያ ከሚከፈትበት ወቅት አንሥቶ እርጥበት አዘሉን ሐምሌ አልፎ እስከ አሁን ድረስ ማታ ማታ የማነበው በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለሆነ፣ በሻጩ ፎቶግራፍ ላይ የማይታዩ ነገሮችን ለማየት በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ።

ወንበሩ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ዲዛይነር ከዊልያም ሞሪስ ቢሆንም ንድፉ የእሱ አይደለም። ሞሪስና ባልንጀሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 ለንደን ውስጥ ድርጅታቸውን ካቋቋሙ በኋላ፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ዋሪንግተን ቴይለር መደገፊያው ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር በሰሴክስ ገጠር አንድ አናጢ ዘንድ ያያል፤ ያየውንም ለአርክቴክቱ ለፊሊፕ ዌብ ያስታውቃል፤ ዌብም በ1866 አካባቢ አስተካክሎ ለድርጅቱ ነደፈው። የፋብሪካ ምርት የእጅ ባለሙያውን ክብር ገፈፈ የሚለው የእንግሊዛዊው ሐያሲ የጆን ረስኪን ሙግት ሞሪስን ካነሣሡት ሐሳቦች ዋነኛው ስለነበር፣ የእጅ ሥራን ክብር ለመመለስ የተነሣው የአርትስ ኤንድ ክራፍትስ እንቅስቃሴ በጣም የታወቀ ወንበር ከአንድ የገጠር አናጢ ደጅ መገኘቱ የሚገባው ነው እላለሁ። ይህ የእንቅስቃሴው መጠሪያ የጸናው ግን ዘግይቶ፣ በዚሁ ስም የተጠራው የዐውደ ርእይ ማኅበር በ1887 ተመሥርቶ በ1888 የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ ለንደን ላይ ካሳየ በኋላ ነው።

አሜሪካዊው ስቲክሊ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሲራኪዩዝ አጠገብ፣ ይህንኑ ሐሳብ ይበልጥ ቀጥና ጠንከር ባለ መልክ ሠራው። በ1901 ማሳተም የጀመረው «ዘ ክራፍትስማን» መጽሔት የመጀመሪያ እትሙን ለሞሪስ መታሰቢያ ሰጥቶታል። ሆኖም ስቲክሊ ማሽንን አልጠላም፤ መጋዙንና መላጊያውን ለሞተር ትቶ የሰውን እጅ ለመገጣጠምና ለማጠናቀቅ አቆየው። የእኔን ወንበር የሠራው ወርክሾፕም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ሁሉም በእጅ ካልተሠራ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች፣ የሞሪስ ድርጅት ዕቃዎች በእጅ በመሠራታቸው ምክንያት ከሠራተኛው አቅም በላይ ሆነው በሀብታሞች ሳሎን መቅረታቸውን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

የወንበሩ ጌጥ መገጣጠሚያው ነው። የፊት እግሮቹ ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ ጠፍጣፋውን የክንድ ማሳረፊያ ከሥር ወደ ላይ በስቶ ስለሚወጣ፣ አራት ማዕዘን የሆነው የእግሩ ራስ ከክንዱ ገጽ ላይ ይታያል፤ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ መገጣጠሚያ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እዚህ ግን ሊደበቅ የሚችለው ነገር ሆን ተብሎ ፊት ለፊት ቀርቧል። በማሞቂያው ወራት የቤቱ አየር ሲደርቅ ጣቴን ሳሳልፍበት ያ የእግሩ ራስ ከክንዱ ገጽ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይሰማኝ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ እኩል ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንጨት በውፍረቱና በወርዱ ይኮማተራል እንጂ በቁመቱ አይኮማተርም ማለት ይቻላል፤ ክንዱ ሲሳሳ በውስጡ የቆመው የእግሩ ምላስ ግን ባለበት ይቆያል። ከዚህ ያለፈ መላላትም ሆነ መንቃቃት አላየሁም።

ለዚህ የሚመሰገነው የአሰነጣጠቁ ስልት ነው። ግንዱ መጀመሪያ ለአራት ተከፍሎ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ፣ የሳንቃው ወርድ የሚኮማተረው በትንሹ ነው፤ ነጭ ኦክ ከእርጥብነት እስከ ፍጹም ድርቀት ድረስ በዚህ አቅጣጫ 5.6 በመቶ፣ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ ግን 10.5 በመቶ ይኮማተራል። በዚህ ስልት የተሰነጠቀ ሳንቃ የብር መልክ ያላቸው የሚያብረቀርቁ ዥንጉርጉሮችንም ያወጣል። ዥንጉርጉሩ ግን በአንድ ጠርብ ላይ በሁለት ጎን ብቻ ስለሚታይ፣ የስቲክሊ ወንድም ሊዮፖልድ እግሩን እርስ በርስ ከሚቆላለፉ አራት ቁራጮች መሥራት ጀመረ፤ የእኔ ወንበር እግሮችም እንዲሁ ተሠርተው በአራቱም ጎን ያብረቀርቃሉ።

ቀለሙ የተገኘው በቅብ ሳይሆን በአሞንያ ነው። ዕቃው በታሸገ ክፍል ውስጥ ለአሞንያ ትነት ሲጋለጥ፣ በኦክ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለወጥና እንጨቱ ራሱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ቀላል ጭረት ነጭ ሆኖ አይታይም። ጉድለቱን ግን ልናገር፦ በግራው የኋላ እግር ላይ ከቅርፊቱ አጠገብ የተወሰደ ነጣ ያለ ቁራጭ ነበረ፤ እንዲህ ያለው ክፍል ታኒኑ አነስተኛ ስለሆነ ባለመጥቆሩ ወርክሾፑ በቀለም ነክቶ ልኮልኛል፤ ያ ቀለም በጥቂት ወራት ተፍቆ ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ወንበር ላይ እንዲህ ያለው ቁራጭ ገና ሲመረጥ መጣል ነበረበት። ሌላው ጥንቃቄ ብረት ነው፤ አንድ እንግዳ ውሃ የነካው የቁልፍ መያዣ ክንዱ ላይ ቢተው ታኒኑ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ነጥብ ጣለ። በኦክሳሊክ አሲድ ለቀቀልኝ፤ ቦታው ግን ከዙሪያው ፈዘዝ ብሏል።

መደገፊያውን የሚይዙት በክንዶቹ የኋላ ጫፍ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች የሚገቡ ሁለት የእንጨት ችንካሮች ናቸው። ተቀምጦ ማስተካከል አይቻልም፤ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ ነቅሎ መሰካት ይጠይቃል። እርጥበት ሲበዛ ችንካሮቹ ስላበጡ ሰም ቀባኋቸው። መቀመጫው ጥልቅ ስለሆነ አጠር ያለ ሰው እግሩ ወለል አይነካለትም፤ እናቴ ግን ሰፊዎቹን ክንዶች ተመርኩዛ ስለምትነሣ ከሶፋው ይልቅ እሱን ትመርጣለች። የቡና ሲኒም ያለ ስጋት ይቆምበታል።

ከስልቶቹ ለሚያማርጥ ሰው፦ ካሊፎርኒያዊዎቹ አርክቴክቶች የግሪን ወንድማማቾች ጋምብል ሃውስ ለተባለው የፓሳዴና መኖሪያ ቤት የነደፏቸው ዓይነት ለስላሳ ጠርዝና ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት የተሠራ ውታፍ ያላቸው ወንበሮች ለዓይን ከዚህ ይበልጣሉ። የግላስጎው አርክቴክት ማኪንቶሽ የነደፋቸው ረጃጅም መደገፊያዎች ግን ለረጅም ንባብ የሚሆኑ አይመስለኝም።

ደካማው ክፍል ትራሱ ነው። ቆዳው ደኅና ቢሆንም ውስጡ ያለው ስፖንጅ በፊት ጠርዙ በኩል ተጨፍልቋል፤ ወርክሾፑም ዋስትናው እንጨቱን ብቻ እንደሚሸፍን ጽፎልኛል። ስለዚህ ትራሱን በሰፈር ካለ ሶፋ ሠሪ ዘንድ ጠጠር ባለ ስፖንጅ አስቀይሬያለሁ። ጓደኛ የሚሆነው ሁለተኛ ወንበር ከዚያው ወርክሾፕ ለማዘዝ አስቤአለሁ፤ ስጽፍላቸው ያለ ትራስ እንዲሸጡልኝና ከቅርፊቱ አጠገብ ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ከእግሮቹ እንዲያስወጡ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።