የበርድስ ካስተርድ ዱቄት በቸኮሌት ኬክ ላይ፦ ስኳሩ ያለው የት ነው?

ካስተርድ ኬክ ላይ የሚፈስ፣ ከወተት የሚሠራ ወፈር ያለ ጣፋጭ ነው፤ በርድስ ካስተርድ ዱቄት ውስጥ ግን እንቁላል የለም። ዱቄቱ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1837 በርሚንግሃም ውስጥ መድኃኒት ቀማሚው አልፍሬድ በርድ፣ ሚስቱ እንቁላል ስለማይስማማት፣ ወተትን በበቆሎ ስታርች የሚያወፍር ዱቄት አበጀላት። የመደበኛው ጣሳ ዝርዝር ዛሬም አጭር ነው፦ የበቆሎ ስታርች፣ ጨው፣ አናቶ የሚባል ቢጫ ቀለምና ማጣፈጫ። ስለዚህ ከጣሳው የሚገኘው ስታርችና ቀለም ብቻ ነው፤ ገንቢው ነገር የሚመጣው ከምትጨምሩበት ወተት ነው።

አሠራሩ ለ568 ሚሊ ሊትር ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነው። ሙሉ ቅባት ባለው ወተት ሠርታችሁ ለአራት ሰው ብታካፍሉት ለእያንዳንዱ ወደ 145 ኪሎካሎሪ፣ 5 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 170 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይደርሰዋል። የተጨመረው ስኳር 7 ግራም ገደማ ነው። የወተቱ የራሱ ስኳር፣ ላክቶስ፣ ሌላ 7 ግራም ያህል አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት «ቀንሱ» የሚለው ግን እሱን አይደለም። ዝግጁ ካስተርድ የምትገዙ ከሆነ ይህን አስታውሱ፤ ማሸጊያው ላይ ያለው የስኳር ቁጥር ሁለቱን ደምሮ ነው የሚያሳየው።

ከባዱ ኬኩ ነው። 175 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 50 ግራም ያልጣፈጠ ኮኮዋ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤና 4 እንቁላል የገባበትን ኬክ 12 ቦታ ስትቆርጡት፣ አንዱ ቁራሽ 275 ኪሎካሎሪ አካባቢ፣ 17 ግራም ስኳርና ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ሳቹሬትድ ስብ (እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት) ይይዛል። ያውም ክሬም ሳይቀባ! ካስተርዱ ሲፈስበት ሳህኑ 420 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ የተጨመረው ስኳር 24 ግራም ይደርሳል። በቀን 2000 ኪሎካሎሪ ለሚመገብ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች ነው። አንድ ሳህን ብቻውን ሁለተኛውን ልክ ሊሞላው ምንም አልቀረው።

የእኛ ምክር ካስተርዱን ትታችሁ ኬኩን ብሉ የሚል አይደለም። ካስተርዱን ያለ ስኳር ሥሩት። ጣፋጭ ኬክ ላይ ሲፈስ ለስለስ ያለ የወተት ጣዕሙ ይበልጥ ይወጣል፤ ብቻውን ስትቀምሱት ግን አልጫ ነው፣ አትደንግጡ። የኬኩንም ስኳር ወደ 150 ግራም ማውረድ ይቻላል፤ ስኳር እርጥበት ስለሚይዝ ትንሽ ይደርቃል፣ ካስተርዱ ግን ያንን ያካክሰዋል። በቅቤው ፋንታ 160 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት ከገባ ደግሞ ሳቹሬትድ ስቡ በቁራሽ ወደ 2 ግራም ገደማ ይወርዳል፣ ኬኩም ፍሪጅ ውስጥ አይደርቅም። ካሎሪው ግን ብዙም አይቀንስም፤ ዘይትም ስብ ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ስኳር የለውም» በሚለው ብቻ እንዳይዘናጋ። ስኳር ያልገባበት ካስተርድም በአንድ ሰው ድርሻ ወደ 6 ግራም ስታርችና የወተቱ ላክቶስ አለበት።

አሠራሩ ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው። ደረቁን ዱቄት ትኩስ ወተት ላይ ከበተናችሁት ይጓጉላል፤ የእያንዳንዱ ጓል ውጪው ወዲያው አብጦ ስለሚዘጋ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዱቄቱን መጀመሪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ወተት አሽታችሁ በጥብጡት፤ የቀረውን ወተት አፍሉና እያማሰላችሁ ጨምሩበት፣ ከዚያ መልሳችሁ በመለስተኛ እሳት ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አንተክትኩት። ቶሎ ካወረዳችሁት የዱቄት ጣዕሙ አይለቅም። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ አንድ ደቂቃ መጨመር አይከፋም። ማማሰሉን ካቆማችሁ ድስቱ ሥር ይይዛል፤ ያረረ ወተት ሽታ ደግሞ በምንም አይሸፈንም። ከወረደ በኋላ ስልባቦት እንዳይዝ ፕላስቲክ አስነክታችሁ ሸፍኑት። ከወፈረ በኋላ አጥብቆ መምታት ያቀጥነዋል፤ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ ደግሞ ሲቀልጥ ውኃ ይተፋል።

«የእንቁላል ጣዕም እንዲኖረው» ብለው አስኳል የሚጨምሩበት አሉ። ይቻላል፣ ግን እስኪፈላ መብሰል አለበት፤ አስኳል ውስጥ ስታርች የሚበላ ኢንዛይም ስላለ፣ በደንብ ካልፈላ ወፍሮ ያደረው ካስተርድ ጠዋት ውኃ ሆኖ ይገኛል።

ለጾም መደበኛው ዱቄት በአኩሪ አተር ወተት ይሠራል። ካልሲየም የተጨመረበትን ምረጡ፤ ካልተጨመረበት ከላም ወተት በጣም ያነሰ ነው ያለው። የታሸገ የኮኮናት ወተት ያወፍረዋል፣ ያጣፍጠዋልም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር ከ15 ግራም በላይ ስብ አለው፣ አብዛኛውም ሳቹሬትድ ነው። ግማሹን ውኃ አድርጉበት። ስትገዙ ደግሞ ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ፦ የፈላ ውኃ ብቻ የሚፈልገው ፈጣኑ ዓይነት ስኳርና የወተት ተዋጽኦ አስቀድሞ የገባበት ነው፤ ለጾምም፣ ስኳር ለመቀነስም አይሆንም።