ለሳቢያን ሞግዚቶች ምስጋና፣ ልጅ ለምታስገቡ ወላጆች ጥቆማ

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ባለችው ማቆያ ልጆቻችንን ለምትይዙልን እህቶቻችን፣ ፈጣሪ ይስጥልን። ማስገቢያ ለምትፈልጉ ወላጆችም ቤቷን በሙሉ ልብ እንጠቁማለን።

ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት አንዷ ሞግዚት የምትይዘው 4 ብቻ ነው። ምሳዋን ስትበላ የምትተካት አለች፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ፣ ውሃዋን ጠጥታ ትመለሳለች። ተተኪ በሌለበት ቤት ሞግዚቷ የምታርፈው ልጆቹ ሲተኙ ስለሆነ፣ እንቅልፍ ያልመጣበትም ልጅ በግድ ይጋደማል። አሥራ ሁለት አፍ የሚጠብቃት ሴት ደግሞ ሕፃኑን አንጋላ ገንፎ ትግታለች፤ ትን የሚለው ያኔ ነው። እዚህ ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ ማንኪያውን ራሱ ይይዛል። ፊቱን ካዞረ በቃው ማለት ነው፣ አይጨመርለትም።

ከሁሉ የወደድነው የዳይፐር መቀየሪያውን መወጣጫ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቀኑን ሙሉ ማንሳት ወገብ ይጨርሳል። ወገቧን ያመማት ሞግዚት ልጁን በአንድ ክንዱ ስባ ታነሳለች፣ የትንሽ ልጅ ክርን ደግሞ እንዲያ ሲሳብ በቀላሉ ይወልቃል። አናጺ ባለ 3 ደረጃ የእንጨት መወጣጫ ሠራላቸው። አሁን ልጁ እጇን ይዞ ራሱ ይወጣል፤ «ልቀይርህ ነው፣ እግርህን አንሳልኝ» ትለዋለች፣ ያነሳል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት የአካል ቅጣትን ከልክሏል። ግን በግንቦት ሙቀት፣ ሦስት ልጅ አንድ ላይ ሲያለቅስ፣ ቁንጥጫ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከድካም ነው። እዚህ የከበዳት ሞግዚት «ያዢልኝ» ብላ በረንዳ ላይ 5 ደቂቃ ትወጣለች። ከደመወዟ አይቆረጥም፣ ማንም አይገላምጣትም።

ደግሞ «ቢሻን» ያለውም፣ «ቢዮ» ያለውም ውሃውን ያገኛል፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችሉ አሉ፣ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያናግሩት ለቅሶው ይቀንሳል።

ለማየት ስትሄዱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ። መጫወቻውን ከመቁጠር በፊት ሞግዚቷን «ምሳ ስትበዪ ማን ይተካሻል? እዚህ ስንት ዓመት ሆነሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ካስገባችሁ በኋላ 11 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ እሷም ቤቷ የሚጠብቃት ልጅ አላት።

አንድ ጉድለት አለ፦ የሕፃናቱ መኝታ ክፍል ማራገቢያ አንድ ብቻ ነው። ለሁለተኛው እያዋጣን ነው፤ የምትችሉ ተጨመሩ።