ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ ሳሎናችን ከገባች ስምንት ወሯ

ዘ ሄግ ውስጥ ከአንድ ጨረታ ቤት ነው የገዛኋት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ የቁም ሥዕል (ፖርትሬት) ናት፣ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሳለች። ፊርማ የለባትም፣ የሴትየዋም ስም አይታወቅም። ለዚህ ነው በ380 ዩሮ የወጣችልኝ፤ የዘመኑ ታዋቂ ሠዓሊዎች የያን አዳም ክሩሴማን ወይም የኒኮላስ ፒነማን ፊርማ ቢኖርባት አጠገቧም አልደርስም ነበር። ታዲያ የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ሲጨመር 490 ገባች፣ ስለዚህ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እሱን አስሉ።

መጀመሪያ ከራዲያተሩ በላይ ሰቀልኳት። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። ብርዱ ገብቶ ማሞቂያው ቀን ከሌት መሥራት ሲጀምር፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ቀለም እንደ ቅርፊት ይነሳ ጀመር። ሥዕል የሚጠግን ባለሙያ ጋ ይዣት ሄድኩ። እሱ ደግሞ ከጀርባዋ የቆየ መጣፊያ አገኘ። ሻጮቹ «ምንም ጥገና የለባትም» ብለውኝ ነበር፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ!

ለጥገናው 260 ዩሮ ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም። የድሮ ቫርኒሽ ከዛፍ ሙጫ ስለሚሠራ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል። እሱ ሲነሳላት ሻይ የፈሰሰበት የሚመስለው ቆቧ ነጭ ዳንቴል ሆኖ ወጣ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ዳንቴል የለም፣ ወፈር ወፈር ያሉ የነጭ ቀለም ጠብታዎች ናቸው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ ግን ክሩ ሁሉ ይቆጠራል። በወረቀት የታተመ ኮፒ ይህን አይሰጣችሁም።

ነጭ ግድግዳም አይሆናትም። ጥቁር ቀሚሷ ግድግዳው የተበሳ ያስመስለው ነበር። ግድግዳውን ጥቁር አረንጓዴ ስቀባው ፊቷና እጆቿ ብቅ አሉ። አሁን ፀሐይ በቀጥታ የማያገኛት ጎን ላይ ናት፣ ከላይዋ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው የኤል ኢ ዲ መብራት አለ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ገና ስታያት «ልጄ፣ ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ። በዚያ ዘመን እዚህ አገር ጥሩ ጥቁር ሐር የክብር ልብስም እንደነበር ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ግን አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ እናቴ» ትላት ነበር።

ብትጠፋብኝ ሌላ እገዛለሁ ወይ? አዎ፣ ያለ ጥርጥር። ለጊዜው ግን የማን እናት እንደነበረች ለማወቅ ነው የምደክመው። ዘ ሄግ ያለው የኔዘርላንድ የጥበብ ታሪክ ተቋም የሥዕሎችን ፎቶና መረጃ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፤ ማታ ማታ ቆቧን ከቆቦች ጋር እያስተያየሁ እዚያ ነው የማመሸው።