ማስጠንቀቂያ፦ ማላጋ ላይ «በቀን 5 ዩሮ» የሚባለውን የኪራይ መኪና ሳትጠይቁ አትያዙ

በሐምሌና በነሐሴ ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከጣሊያን ወይም ከእንግሊዝ ማላጋ ከተማ ወዳለችበት የስፔን የባሕር ዳርቻ ኮስታ ዴል ሶል የምትሄዱ ወገኖች፣ መኪና ስትፈልጉ በቀን 5 ዩሮ የሚል ዋጋ ሊገጥማችሁ ይችላል። ዋጋው ውሸት አይደለም፤ ግን የምትከፍሉት እሱን ብቻ አይደለም። ዋናው ሂሳብ የሚወጣው ማላጋ ኤርፖርት ጠረጴዛው ጋ ነው፤ ልጆች ደክሟቸው፣ ሻንጣ ተቆልሎ፣ ከኋላችሁ ሰልፍ ቆሞ። ያን ሰዓት ማንም ሰው ረጋ ብሎ ውል አያነብም፤ ሻጩም ይህን በደንብ ያውቃል።

መጀመሪያ የሚያዘው ካርዳችሁ ነው። ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት እንደ መኪናው ዓይነት 1,000 ወይም 1,500 ዩሮ ሊደርስ የሚችል መያዣ ካርዳችሁ ላይ ይታገዳል። ካርዱ ብዙ ጊዜ ክሬዲት ካርድ መሆን አለበት፤ ስሙም የዋናው ሹፌር። በትዳር ጓደኛው ካርድ ከፍሎ ራሱ ሊነዳ የመጣ ሰው እዚያው ይመለሳል። ጀርመን አገር አብዛኛው ሰው የሚይዘው የባንክ ካርድ ዴቢት ስለሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ መልሱ ብዙ ጊዜ «የእኛን ሙሉ ኢንሹራንስ ከገዛችሁ እንቀበላለን» ነው። ኢንሹራንሱ በቀን 25 ዩሮ ቢሆን፣ ለ7 ቀን 175 ዩሮ ይሆናል። የ35 ዩሮው ኪራይ 210 ደረሰ ማለት ነው፤ ነዳጅ ገና አልተነሳም።

ቀድማችሁ ከሌላ ድርጅት ርካሽ የመያዣ ኢንሹራንስ ገዝታችሁ ከሆነ «ያንተ ኢንሹራንስ እዚህ አይሠራም» ሲሏችሁ አትደንግጡ። ይሠራል፤ አሠራሩ ግን ለየት ይላል። አከራዩ መያዣውን እንደ ወትሮው ያግዳል፣ ጉዳት ከደረሰም ገንዘቡን ከእናንተ ይቆርጣል፤ እናንተ ደግሞ ውሉን፣ የጉዳት ሪፖርቱን፣ ደረሰኙንና ክፍያው የታየበትን የካርድ ሂሳብ ለኢንሹራንሳችሁ ልካችሁ ታስመልሳላችሁ። ስለዚህ ካርዱ ላይ ሊታገድ የሚችል በቂ ገንዘብ ከሌለ ይህ መንገድ አያዋጣም። በመሠረታዊው የአከራዩ ሽፋን ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገቡትን ደግሞ ልብ በሉ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ መስታወት፣ ስፖኪዮ፣ የመኪናው ሆድ፣ ፍሪሲዮን። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ የሚፋቀው ቸርኬ ነው፤ ክርክርም በብዛት የሚነሳው በእሱ ነው።

ነዳጁ ላይ ቆም እንበል። ውሉ «ሙሉ ተረከቡ፣ ሙሉ መልሱ» የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። «ሙሉ ተረከቡ፣ ባዶ መልሱ» ከሆነ ግን አትቀበሉ። ጋኑ 45 ሊትር ይይዛል እንበል፤ ሙሉውን በአከራዩ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ላዩ ላይም የመሙያ አገልግሎት ይጨመራል። ከማላጋ ኔርሃ ወደ 60 ኪሎ ሜትር፣ ኤስቴፖና ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱንም ደርሳችሁ ብትመለሱ 290 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትንሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ቢበላ፣ የፈጀው 17 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። የቀረው 27 ሊትር ተኩል ገደማ ለአከራዩ በነፃ ቀረ።

መኪናውን ስትረከቡ ከጋራዡ ሳትወጡ ቪዲዮ አንሱ። ጋራዡ ጨለም ያለ ስለሆነ የስልካችሁን መብራት አብሩና ወደ ላሜራው አዘንብሉት፤ ጭረት የሚታየው መብራት በጎን ሲመታው ነው። አራቱም ቸርኬዎች፣ የፊትና የኋላ ፓራውልት የታችኛው ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱ ከሹፌሩ ፊት ያለው ክፍል፣ የነዳጅ ጌጁና ኪሎ ሜትሩ በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ይግቡ። የደረሳችሁበት ጭረት ወረቀቱ ላይ ከሌለ ተመልሳችሁ አስጽፉ፤ «ችግር የለውም» የሚለው የቃል መልስ ስትመልሱ አይሠራም። ስትመልሱም እንደገና አንሱ፤ በተለይ ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ጥላችሁ የምትሄዱ ከሆነ።

የኪራይ ቀን የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ተረክባችሁ በመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ ብትመልሱ ሌላ ቀን ሊታሰብባችሁ ይችላል። ከ25 ዓመት በታች ላለ ሹፌርና ለተጨማሪ ሹፌር ብዙዎች ያስከፍላሉ። ስፔን ውስጥ ቁመቱ 1.35 ሜትር ያልሞላ ልጅ የልጅ መቀመጫ ግድ ነው፤ የአከራዩ መቀመጫ በቀን ስለሚታሰብ የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ ብዙ አየር መንገዶች በነፃ ይጭኑታል። ካርዳችሁ የእንግሊዝ፣ የስዊድን ወይም የአሜሪካ ከሆነ ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ ልቁረጥ?» ሲላችሁ ዩሮ ምረጡ፤ የእነሱ ምንዛሪ ብዙ ጊዜ ይጎዳል።

በባሕሩ ዳር ሁለት መንገድ ጎን ለጎን አለ፦ ኤፒ-7 የሚከፈልበት፣ ኤ-7 ነፃ። ጂፒኤሱ ራሱ ወደ ኤፒ-7 ስለሚወስዳችሁ «ክፍያ ያለበትን ዝለል» የሚለውን አስተካክሉ። ኤ-7 ላይ በፉዌንሂሮላና በማርቤያ መካከል ፍጥነቱ ወደ 80 የሚወርድበት ቦታ አለ፤ 120 እየነዳ የገባ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱን በ20 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ ግማሹ ይቀነሳል፤ ግን አከራዩ ስማችሁን ለፖሊስ ስላስተላለፈ ብቻ የራሱን ሂሳብ ይቆርጣል። እሱ አይቀነስም። ማቆሚያ ላይ ሰማያዊ መስመር የሚከፈልበት ነው፤ ቢጫ ላይ አታቁሙ።

እንዲያውም ለግማሹ ጉዞ መኪናው አያስፈልግም። ሲ-1 የሚባለው ባቡር ከማላጋ መሃል ተነስቶ በኤርፖርቱ፣ በቶሬሞሊኖስና በቤናልማዴና አድርጎ ፉዌንሂሮላ ይደርሳል፤ በየ20 ደቂቃው አለ፣ ጠቅላላው 45 ደቂቃ አካባቢ ነው። ፉዌንሂሮላ ላይ ጣቢያው ለወደቡ ቅርብ ነው። የቤናልማዴና ማሪና (የመዝናኛ ጀልባዎች ወደብ) ግን ከአሮዮ ዴ ላ ሚየል ጣቢያ ቁልቁል ሩብ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ለመመለስ ዳገት ነውና አውቶቡስ ያዙ። ማርቤያና ማሪናዋ ፑዌርቶ ባኑስ ባቡር የላቸውም፤ ከኤርፖርቱ ወደ ማርቤያ ቀጥታ አውቶቡስ አለ። ኔርሃ ባቡርም ማሪናም የላትም፤ ለባሕሩ ዳርቻዋ ብቻ ከሆነ አውቶቡስ ይበቃል። መኪና የሚያስፈልገው ለተራራ መንደሮቹ ለካሳሬስና ለፍሪሂሊያና፣ እንዲሁም ለሶቶግራንዴ ማሪና ነው። ለእነሱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ተከራዩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ማቆሚያ ቦታ ላይ ለሚውል መኪና አትክፈሉ። በእንግሊዝ ሥር ወዳለችው ጂብራልታር የሚሄድ ሰው ድንበሩን በመኪናው መሻገር ውሉ ላይ መፈቀዱን ያረጋግጥ፤ ካልሆነ ድንበሩ ጋ ባለችው የስፔን ከተማ ላ ሊኔያ አቁሞ በእግሩ ይግባ።

ያላዘዛችሁት ሂሳብ ከተቆረጠባችሁ እዚያው ቢሮ «ኦሃ ዴ ሬክላማስዮኔስ» በሉ። የአቤቱታ ቅጽ ነው፤ ማላጋ ባለችበት በአንዳሉሲያ ክልል እያንዳንዱ ድርጅት ማቅረብ ግዴታው ነው፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥም መመለስ አለበት። እምቢ ካሉ ፖሊስ መጥራት ትችላላችሁ። የእናንተን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ፤ አገራችሁ ስትገቡ ለባንካችሁ ክፍያው እንዲመለስ ስትጠይቁ፣ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ ከሆናችሁም ለአገራችሁ የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል ስታመለክቱ፣ ከቪዲዮው ጋር የምታቀርቡት እሱን ነው።