ለሕግ ቢሮ ጸሐፊ፦ ትልቅ ድርጅት ወይስ የአንድ ጠበቃ ቢሮ?

የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከተፈቀደ ወዲህ፣ አንዲት የድሬዳዋ ጸሐፊ በከተማዋ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ የአንድ ጠበቃ ቢሮና አዲስ አበባ ባለ ትልቅ ድርጅት መካከል ልታማርጥ ትችላለች። በትልቁ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ስለሚኖር ፈቃድና ትርፍ ሰዓት በጽሑፍ ይያዛሉ፤ ነገር ግን ለፍርድ ቤት መልስ የማቅረቢያው ቀን ሲደርስ ስሟን እንኳ በቅጡ የማያውቁ ጠበቆች በአንድ ጊዜ ሥራ ያዟታል። የከዚራው ጠበቃ ቀትር ላይ ሙቀቱ እስኪበርድ ቤቷ እንድትቆይ ይፈቅድላታል፣ የልጇንም ጤና ይጠይቃል፤ ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል ተባዝቶ እንዲከፈል ቢያዝም፣ በእንዲህ ያለ ቢሮ ማምሸት ብዙውን ጊዜ እንደ ውለታ ይቆጠራል (ውለታውም የሚታሰበው፣ ከታሰበ፣ ለበዓል ነው)። በእኔ ግምት፣ ጠበቃው የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ በሥራ ውሉ ላይ ለማስፈር ከፈቀደ የከዚራው ቢሮ ይሻላታል።