«ዛሬ ምን መድኃኒት ወሰደች?» ላለችን ፋርማሲስት

ባለፈው ማክሰኞ ማታ የ19 ዓመት ልጄ አንገቷ ወደ ግራ ትከሻዋ ተጠምዝዞ፣ ዓይኖቿ ወደ ጣሪያ ተሰቅለው ቀሩ። መንጋጋዋም ተቆለፈ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላዋ ጠበል አምጡ አለች፤ እኔ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ መስሎኝ ጉልበቴ ከዳኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ልጅቷ ሁሉንም እየሰማች መናገር አለመቻሏ ነው።

ደግፈን ወደ ታክሲ ስንወስዳት የሰፈራችን ፋርማሲስት በሯን ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ቆማ ነበር። አንዴ አየቻትና «ዛሬ ምን መድኃኒት ወሰደች?» አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን የጠየቀ አልነበረም። ጠዋት ሲያስመልሳት አንድ ክሊኒክ መርፌ ወግተው ክኒን ሰጥተዋት ነበር። ክኒኑን ከቦርሳዋ አውጥቼ አሳየኋት፤ ፕላሲል ነው።

«አይፍሩ እናቴ፣ ያስፈራል እንጂ ይለቃል» አለችኝ። ትክክለኛ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ማስመለስን የሚያስታግሰው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ሥራ በማገድ ነው፤ ዶፓሚን ግን እንቅስቃሴያችንንም ስለሚያስተካክል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻው ያለ ፈቃዱ ይኮማተራል። በልጆችና በወጣቶች፣ ከእነርሱም በሴቶች ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ይመጣል። ክሊኒኩን አልወቅስም፣ መድኃኒቱ ብዙ ሰው የሚረዳ ነው። ግን ይህ ሊከሰት ይችላል ብሎ አንድ ቃል የነገረን አልነበረም።

የመድኃኒቱን ስምና የተወጋችበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋ ወደ ሆስፒታል ላከችን። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም አንብቦ፣ መርምሯት፣ ለአለርጂም የሚሰጠውን ዳይፈንሃይድራሚን በደም ሥሯ ሰጣት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ቀና አለ። የመጀመሪያ ንግግሯ «ቡዳ ነው ያለው ማነው?» የሚል ነበር። ተመልሶ እንዳይመጣ ለጥቂት ቀን የሚዋጥ ክኒንም ታዘዘላት።

በማግስቱ ላመሰግን ብሄድ ፋርማሲስቷ ስጦታዬን አልቀበልም ብላ ሌላ ትምህርት ጨመረችልኝ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ይህ መድኃኒት ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊግራም፣ ሲወሰድም ከ5 ቀን እንዳያልፍ መክሯል። ልጄም ከእንግዲህ ሐኪም ዘንድ በሄደች ቁጥር አስቀድማ «ፕላሲል አይስማማኝም» ማለት አለባት።

ፋርማሲስቷ ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ቦታውን አሳያችኋለሁ። መድኃኒት ከመሸጧ በፊት ዕድሜን፣ እርግዝናን፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ሰልፉ ይዘገያል። ዋጋዋም ከጎረቤቶቿ ጥቂት ይወደዳል። እኔ ከእንግዲህ አልከራከራትም።