ለትሪመርና ለሞተር መጋዝ፦ የቆርቆሮ ቤንዚን ይሻላል ወይስ ከማደያ ቀድቶ ማደባለቅ?

ኤፕሪል በገባ ቁጥር የሚደወልልኝ አንድ ዓይነት ስልክ ነው። «ያ ሣር ማጨጃ አልነሳ አለኝ፣ ገመዱን ስጎትት ትከሻዬ ሊገነጠል ነው።» እኔም የምጠይቀው ያው ነው። አምና የተረፈው ቤንዚን ውስጡ ነው ያለው? አዎ። ከማደያ የተቀዳ ነው? አዎ። በቃ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ጽፌ ልገላገል። ነገሩ ስለ ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተሮች ነው፤ ቤንዚኑና ዘይቱ አንድ ላይ ተደባልቆ ስለሚሞላላቸው፣ ትሪመር (በሚሽከረከር ገመድ ሣር የሚቆርጠው)፣ ብሎወር (ቅጠል በአየር የሚነፋው)፣ የሞተር መጋዝ። ተደባልቆ በቆርቆሮ የሚሸጠውን እንግዛ ወይስ ከማደያ ቀድተን ዘይቱን ራሳችን እንጨምር? እኔ ቆርቆሮውን ነው የምለው። የራሱን ግቢ ብቻ የሚያጭድ፣ በዓመት አንድ ጋሎን፣ ቢበዛ ሁለት የሚያቃጥል ሰው ሌላውን ባያስበው ይሻለዋል። ሣር ሥራ እንጀራው የሆነ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ዋጋው፣ ሁሉም የሚደነግጠው እዚያ ላይ ስለሆነ። እኛ አካባቢ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ማለቴ ነው፣ አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላው ባለ 32 አውንሱ ቆርቆሮ ከ7 እስከ 9 ዶላር ይሸጣል። በጋሎን ስታሰሉት ከ28 እስከ 36 ዶላር ማለት ነው። ማደያው ደግሞ በ3 ዶላር ከምናምን ይቀዳል። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ሽቶ ነው እንዴ የሚሸጡት?» አለኝ። መደንገጡ አልገረመኝም።

ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። የማደያው ጋሎን 3.30 ይሁን። ለአንድ ጋሎን የምትሆነዋ 2.6 አውንስ የዘይት ጠርሙስ ወደ 3 ዶላር ናት። ድምሩ 6.30። ከርካሹ ቆርቆሮ ጋር ያለው ልዩነት 22 ዶላር ገደማ ነው። እሺ፣ 22 ዶላር ገንዘብ ነው። ችግሩ ጠርሙሷ ለጋሎን የተሠራች ስለሆነች ሰው ሁሉ ጋሎን ሙሉ ይደባልቃል፣ ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ ክረምቱ ይገባል። ዘይት የገባበት የማደያ ቤንዚን አንድ ወር አካባቢ ነው ደህና የሚባለው። የተረፈው ይጣላል። መጣሉ ራሱ ጣጣ ነው፤ ሳር ላይ ወይ ቱቦ ውስጥ አይደፋም፣ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ድረስ መኪና ላይ ጭኖ መሄድ ነው። ስለዚህ ርካሽ ነው የተባለው ጋሎን ግማሹ ወደ መጣያ ሄደ። የቆርቆሮው ግን አብዛኞቹ አምራቾች ከተከፈተ በኋላ ሁለት ዓመት ይቆያል ይላሉ፣ እኔም ካምና የተረፈኝን ዘንድሮ ሞልቼ ማሽኑ ምንም አላለኝም።

አሁን ወደ ጥገናው። በአሜሪካ ማደያ የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 ከመቶ ኢታኖል አለው፣ አልኮል ማለት ነው። አልኮል ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪና በሳምንት ስለሚያቃጥለው አይጎዳውም። ሼድ ውስጥ ስድስት ወር የሚቀመጥ ትሪመር ግን ሌላ ነው። ውኃው ከአልኮሉ ጋር ይለይና ታች ይቀመጣል፣ ዘይቱ ደግሞ ላይ ካለው ቤንዚን ጋር ይቀራል፤ ሞተሩ መጀመሪያ የሚጠጣው ያን ዘይት የሌለበትን ነው።

የአንዱን ወዳጄን ትሪመር ስፈታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከታንኩ ወደ ካርቡራተሩ፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር ወደሚያደባልቀው ክፍል፣ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ጣቴ ውስጥ እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረካከሰች። ካርቡራተሩን ስከፍት ውስጡ ያለችው ጥፍር የምታክል ወንፊት አረንጓዴ ሙጫ ነገር ደፍኗታል። ለስላሳ መሆን ያለባት ስስ ጎማ ደርቃ እንደ ካርቶን ቆማለች። ይሄ ሁሉ ያልተጨረሰ የግማሽ ጋሎን ሥራ ነው።

ይህን ጋራዥ ብትወስዱት ገና ለማየት ብቻ 40፣ 50 ዶላር ይጠይቃሉ። ኦሪጅናል ካርቡራተር እንደ ማሽኑ ከ40 እስከ 80 ይደርሳል። የእጅ ሥራው ሲጨመር ከ100 ዶላር በታች መውጣት ከባድ ነው፣ አዲሱ ትሪመር ራሱ 180 ዶላር ሆኖ ሳለ። ለዚህ ነው ለ22 ዶላሩ የማላዝነው።

«ካርቡራተሩን ከኢንተርኔት በ14 ዶላር እገዛዋለሁ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከነፊልትሮው፣ ከነካንዴላው፣ ከነቱቦው፣ ሙሉ ኪት። የእነዚህ ኮፒዎች አመላቸው አንድ ነው፤ ሲገጠም ሞተሩ ደስ ብሎት ይነሳል፣ ነዳጅ ስትሰጡት ያፍናል፣ ስትለቁት ይጠፋል፣ ትንሿን ብሎን ብታዞሩትም ብትመልሱትም አይስተካከልም። ከሁሉ የሚብሰው ቤንዚን አሳንሶ የሚሰጠው ነው፤ ሞተሩ ጮክ ብሎ በፍጥነት ሲሽከረከር ጤነኛ ይመስላል፣ ግን እየጋለ ፒስተኑን እየቧጨረው ነው። በአንድ ወቅት እኔም ጥገና ሰጥቼ በኦሪጅናል ዋጋ አስከፍለውኝ ኮፒ ገጥመውልኝ ነበር። የገባኝ ቤቴ ስፈታው ነው፣ ላዩ ላይ ምንም ስም የለም። ኦሪጅናሎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ዋልብሮ ወይም ዛማ የሚል ተቀርጿል። ከመክፈላችሁ በፊት «አሮጌውን አሳየኝ፣ አዲሱንም አሳየኝ» በሉ፣ አትፈሩ።

ቆርቆሮ ለመግዛት ከወሰናችሁ የትኛውን? እውነቱን ለመናገር ትሩፊውልም፣ የስቲል ሞቶሚክስም፣ የኤኮ ሬድ አርመርም ኢታኖል የለባቸውም፣ ለግቢ ሥራ የሚያጣላ ልዩነት አላየሁም። ዋጋውን በአውንሱ አካፍላችሁ ርካሹን ውሰዱ። ትልቁ ሁሌ ይረክሳል ብላችሁ ግን አትመኑ፤ ባለ 110 አውንሱን ትሩፊውል በ26 ዶላር፣ ትንሹን ደግሞ በቅናሽ በ6.50 አጠገብ ለአጠገብ አይቻለሁ። አስሉት፣ ትንሹ ነው የረከሰው። ደግሞም 110 አውንስ ጋሎን አይደለም፣ ጋሎን 128 ነው። ስቲል ማሽን አዲስ የምትገዙ ከሆነ አብራችሁ ሞቶሚክስ ስትገዙ ዋስትና የሚራዘምበት ፕሮግራም ስላለ ሻጩን በዚያው ጠይቁት፣ ያኔ የእሱ ውድነት ይካካሳል።

መደርደሪያው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ባለ አራት ምት ሞተር ቆርቆሮም እዚያው ጎን ይደረደራል፣ መልኩም ይመሳሰላል፣ ዘይት ግን የለበትም። እሱን ትሪመር ውስጥ ካደረጋችሁ ሞተሩ ደርቆ ለመንከስ፣ ተጣብቆ ለመቆም ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቆርቆሮው ላይ 50:1 ወይም 40:1 የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ ለ50 ወይም ለ40 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ማለት ነው። የዛሬዎቹ ስቲል፣ ኤኮና ሁስክቫርና 50:1 ናቸው፤ እንደ ፑላን ያሉት 40:1 ይጠይቃሉ። 40:1ን ለባለ 50 ብትሰጡት ትንሽ ያጨሳል እንጂ አይሞትም። ግልባጩን ግን አታድርጉ።

አሁን ሣር ሥራ እንጀራችሁ ለሆነው። በቀን አንድ ጋሎን ለሚያቃጥል ሰው በጋሎን 28 ዶላር ክፈል ማለት ቀልድ ነው። እናንተ ደባልቁ፣ ቤንዚኑ ስለማያድርባችሁ ኢታኖሉም ጊዜ አያገኝም። ብትችሉ ኢታኖል የሌለበት ፓምፕ ፈልጉ፤ ሺትዝና ዋዋ አንዳንድ ጣቢያዎቻቸው ላይ አላቸው፣ ከመደበኛው ዶላር አካባቢ ይጨምራል። 88 የሚለውን ርካሽ ፓምፕ ግን አትንኩ፣ እሱ 15 ከመቶ ኢታኖል ነው፣ ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች በሕግም አይፈቀድም። ዘይት ላይም ሳንቲም አትቆጥቡ። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤፍዲ የሚል ይኑርበት። ቲሲ ደብሊው 3 የሚለው ረክሶ ብታገኙትም ለጀልባ ሞተር ነው፣ በውኃ ለሚቀዘቅዝ። የእናንተ መጋዝ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ሙቀቱን አይችለውም።

ስዊድን ያላችሁ ደግሞ ይሄ ክርክር አይመለከታችሁም፤ ተደባልቆ የሚሸጠውን አስፐን 2 በአምስት ሊትር መያዣ ገዝታችሁ ትገቡ የለ። የእሱ ትልቁ ጥቅም ጭሱ ነው፣ benzene የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል (ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ነዳጁ ቤንዚን ማለት አይደለም) ከውስጡ የለም ማለት ይቻላል፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ኋላ ለሚቆም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋውን ፈጽሞ መዋጥ ያቃተው ሰው ካለ አንድ መላ አለ። በጋውን በማደያው ቤንዚን ሥሩ። ኖቬምበር ላይ ታንኩን አፍስሱት፣ ከቆርቆሮው ትንሽ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ አስነሱት፣ ከዚያ ወደ ሼድ። አንድ ባለ 7 ዶላር ቆርቆሮ ለሁሉም ማሽኖቻችሁ ይበቃል። ማረጋጊያ እየተባለ የሚሸጠውን ጠብታ ከመግዛት ይህ ይሻላል፣ ያ ነገር ቤንዚኑ እንዳያረጅ ያዘገየው ይሆናል እንጂ ኢታኖሉን አያወጣውም።

ዲሲ ውስጥ ለምትኖሩና ስለ ብሎወር ለምትጠይቁኝ ደግሞ፣ ምንም ቤንዚን አትግዙ። የቤንዚን ብሎወር እዚያ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል፣ ቅጣትም አለው። የባትሪውን ግዙ።